በጃኬት ጀርባ ላይ ስለ ተሣለው ሥዕልና ስለ ቅጂው የተደረገ ዲስኩር



ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም፣ ከዚሁ ከዋሽንግተን ከተማም፣ ሳምንቱን ሙሉ ከደከማችሁበት ሥራ በኋላ ለቤተ ሰባችሁ የሚገባውን የእሑድ ዕረፍት ከፍላችሁ እኔን ለመስማት በዚህ አዳራሽ ስለ ተሰበሰባችሁ ምስጋናዬ የበዛ ነው። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ወደ ቤቴ መጥተው በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የቆዳ ጃኬቶች ባዩ ጊዜ «ይህን ነገር በጉባኤ ፊት ቆመህ አስረዳን፤ ልጆቻችንም ይስሙት» ብለው ስላዘዙኝ፣ የሽማግሌ ቃል የሚታለፍ አይደለምና እነሆ ቀርቤአለሁ።

የዛሬው ነገሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አብራሪዎችና የበረራ ባልደረቦቻቸው ይለብሱት ስለ ነበረው የቆዳ ጃኬት፣ በዚያም ጃኬት ላይ ስለ ተሣለው ሥዕል፣ ይልቁንም ያንን ጃኬትና ያንን ሥዕል በዘመናችን አስመስሎ ስለ መሥራትና የተሠራውንም ስለ መሰብሰብ ነው። ነገሩን በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ፤ በመጀመሪያ ስለ ልብሱ፣ ቀጥሎ ስለ ሥዕሉ፣ በመጨረሻም ስለ ቅጂው። ዘመኑንም ሁሉ በዚህ አገር በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን የማምንበትን በግልጥ ልናገር። እኔ የምሰበስበው ቅጂውን ብቻ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን የተለበሰ ጃኬት በቤቴ የለም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የምትሰበስበው ሐሰተኛውን ነዋ!» ይሉኛል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ የጥንቱ ጃኬት ዛሬ የሚያሳየን እርጅናውን ነው፤ ቆዳው ደርቆ፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ፣ ሹራቡ በብል ተበልቶ እናየዋለን። በታማኝነት የተሠራ ቅጂ ግን ያ ጃኬት በአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ትከሻ ላይ በነበረበት ቀን ምን ይመስል እንደ ነበር ያሳየናል። ሁለቱም ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ ስላለፈው ዘመን ርዝመት፣ ሌላው ስለዚያች ስለ አንዲት ቀን ይመሰክራል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ነውና ደጋግሜ ብመለስበት አትታክቱብኝ።

እንግዲህ ስለ ልብሱ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የአየር ክፍል በሜይ ወር 1931 ኤ-2 የተባለውን የበረራ ጃኬት የአብራሪዎቹ መደበኛ ልብስ አደረገው። ከእርሱ በፊት የነበረውና በ1927 የወጣው ኤ-1 በቁልፍ የሚዘጋ፣ አንገቱም ከሱፍ ሹራብ የተሠራ ነበር፤ አዲሱ ግን በዚያን ዘመን ገና እንግዳ በነበረው በዚፕ የሚዘጋ፣ እንደ ሸሚዝ የሚታጠፍ የቆዳ ኮሌታ ያለው፣ የኮሌታውም ጫፍ ነፋስ እንዳያነሣው ከሥሩ በተሰወረ ቁልፍ የሚያዝ፣ በትከሻው ላይ የማዕረግ ማንገቻ የተሰፋለት፣ ከፊቱ ባለ ክዳን ኪሶች ያሉት፣ የእጅጌው ጫፍና ወገቡም ብርድ እንዳያስገባ በሱፍ ሹራብ የታሰረ ነው። ቆዳው በአብዛኛው የፈረስ፣ አንዳንድ ጊዜም የፍየል ነበር፤ ገበሩ በመጀመሪያ ሐር፣ በኋላ ጥጥ ሆነ። እጅ የሚያስገቡበት የጎን ኪስ አልተሰጠውም፤ ወታደር እጁን በኪሱ ከትቶ መቆሙ በዚያን ጊዜ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና።

ከዚህ ሁሉ ግን ለዛሬው ነገራችን የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ የጃኬቱ ጀርባ ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠ ነው። ሁለት ሦስት ቁራጭ አገጣጥሞ መስፋት ቆዳ ይቆጥብ ነበር፤ የጦር ሠራዊቱ ንድፍ ግን በመካከሉ ስፌት እንዳያልፍበት አደረገ። ይህን ንድፍ ያወጡት ሰዎች ልብስ እንጂ ሥዕል አላሰቡም፤ ዳሩ ግን ሳያውቁት ከትከሻ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ምንም የማይቈርጠው ሰሌዳ ለሠዓሊ አዘጋጁለት። በኋላ የመጣው ጥበብ ሁሉ የተወለደው በዚህች ባዶ ስፍራ ላይ ነው።

የሰፉት ፋብሪካዎች ብዙ ነበሩ። በፔንሲልቬኒያ በሚድልታውን ከተማ ራፍ ዌር፣ በኒው ዮርክ ግዛት በቢከን ኤሮ ሌዘር፣ በዚያው በኒውበርግ ፔሪ ስፖርትስዌር፣ በቺካጎ ዱቦው የሚባሉት ስማቸው ዛሬም በሰብሳቢዎች አፍ የሚጠራ ነው። ሁሉም ቁጥሩ 30-1415 የሆነውን አንድ ንድፍ ተከትለው ሲሠሩ የእጃቸው ጠባይ ግን ይለያያል፤ የአንዱ ኮሌታ ሾል ያለ ነው፣ የሌላው ሰፋ ይላል፤ የአንዱ ቆዳ ወደ ቀይ ዳማ ያደላል፣ የሌላው እንደ ተቆላ ቡና ይጠቁራል። በአንገቱ ውስጥ የተሰፋችው ትንሽ የጨርቅ መለያ ፋብሪካውንና የውሉን ቁጥር ስለምትናገር፣ ዐዋቂ ሰው ጃኬቱን ሲይዝ አስቀድሞ ዐይኑን የሚጥለው በእርስዋ ላይ ነው።

ይህ ልብስ ውበት እንጂ በቂ ሙቀት አልነበረውም። ቦምብ ጣዮቹ በሚበሩበት በ25,000 ጫማ ከፍታ ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርድ ስለ ነበር፣ ሰዎቹ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ልብስ፣ በኋላም በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ይደርቡ ነበር። በ1943 የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አርኖልድ በነበሩበት ጊዜ የቆዳው ጃኬት ሥራ ቆሞ ከጨርቅ የተሠራ ሌላ ልብስ ተተካ። ነገር ግን ቆዳውን የያዘ ሰው ሊለቀው አልፈለገም፤ በመሬት ላይም፣ በከተማም፣ በፎቶግራፍም ፊት የሚታይበት የአብራሪነቱ ምልክት እርሱ ነበርና። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶም፣ በ1988፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ይህንኑ ኤ-2 እንደ ገና ለአብራሪዎቹ ሰጠ።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ደርሰናል፤ እርሱም ሥዕሉ ነው። በጃኬት ላይ የሚገኘው ሥዕል ሁለት ወገን መሆኑን ልብ በሉልኝ። በግራ ደረት ላይ የሚታየው የክፍሉ አርማ ነው፤ በጀርባ ላይ ያለው ግን የአይሮፕላኑ ወይም የሰውዬው የራሱ ነው።

የደረቱ አርማ ብዙ ጊዜ በክብ ቆዳ ላይ ተሥሎ የሚሰፋ ነበር። ከእነዚህ ብዛት ያላቸውን የነደፈው የዋልት ዲዝኒ የሥዕል ቤት ሲሆን፣ ሃንክ ፖርተር የተባለው ሠዓሊና ባልደረቦቹ በጦርነቱ ዘመን ከ1,000 የሚበልጡ አርማዎች ያለ ዋጋ ሠርተው ለየጦር ክፍሉ ሰጥተዋል። በቴክሳስ በስዊትዋተር ከተማ ሠልጥነው የጦር አይሮፕላኖችን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሱ የነበሩት ሴቶች አብራሪዎችም፣ ፊፊኔላ የምትባለውን ባለ ክንፍ ትንሽ ፍጥረት ከዚያው ቤት ተቀብለው በጃኬታቸው ላይ አደረጉ። ከእነርሱ 1,074 ተመረቁ፤ ሠላሳ ስምንቱ በሥልጠናና በአገልግሎት ላይ ሞቱ፤ የአርበኛነት መብት የተሰጣቸው ግን ጦርነቱ ካለቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1977 ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሴቶች ልጆች ከሰብሳቢዎች ገበያ አንዲት አርማ ብቻ ምረጡ ብትባሉ ፊፊኔላን እንድትመርጡ እመክራለሁ።

የጀርባውን ሥዕል ለመረዳት ግን በ1943 በምሥራቅ እንግሊዝ ሜዳዎች ላይ የነበረውን ኑሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ስምንተኛው የአሜሪካ አየር ኃይል በዚያ ሰፍሮ ወደ ጀርመንና ጀርመን ወደ ያዘቻቸው አገሮች በቀን ብርሃን ይዘምት ነበር። ቢ-17 የተባለው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ዐሥር ሰዎች ይዞ ይወጣል፤ እነዚህ ሰዎች 25 ጊዜ ዘምተው በሕይወት ከተመለሱ ግዳጃቸውን እንደ ፈጸሙ ይቈጠርላቸው ነበር፤ በኋላም ቁጥሩ ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 35 ከፍ አለ። በጦርነቱ ፍጻሜ ከዚህ ከአንድ አየር ኃይል ብቻ የሞቱት ከ26,000 ይበልጣሉ። እንግዲህ ትናንት ተማሪ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ከአንድ ዘመቻ ሲመለስ በጃኬቱ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ቦምብ በቀለም ያስጨምራል። አንዲት ቦምብ ማለት አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ ማለት ነው። ከቦምቦቹ በላይ የአይሮፕላኑ ስም፣ ከስሙም ጋር ሥዕሉ ይሆናል፤ አንበሳ፣ ሞት በማጭዱ፣ የካርታ ጨዋታ፣ የሕፃናት መጽሐፍ እንስሳ፣ ከሁሉም ይልቅ ቆንጆ ሴት።

ወደ ደላስ አይሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የምታደርሱ ወንድሞቼ፣ ከዚያው አጠገብ ያለውን የስሚዝሶኒያንን ትልቅ የአይሮፕላን ቤተ መዘክር በየቀኑ ታልፉታላችሁ። አንድ ቀን መኪናችሁን አቁማችሁ ግቡ፤ መግቢያው ያለ ክፍያ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የተሣለ ጃኬት ባያችሁ ጊዜ፣ ቦምቦቹን ቍጠሩ እላችኋለሁ። ሃያ አምስት የሞሉ እንደ ሆነ ባለቤቱ አገልግሎቱን ፈጽሞ ይሆናል። በዘጠኝ ወይም በዐሥራ አንድ ላይ የቆሙ እንደ ሆነ ግን ያ ሰው ተማርኮ ይሁን፣ ቆስሎ ይሁን፣ ወይም ሠዓሊው አስቀድሞ ሞቶበት ይሁን፣ ቆዳው አይናገርም። እኔ ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ያ ያልተሞላ ረድፍ ስለ ጦርነት አስተምሮኛል።

ከእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ ስሙ የገነነው ሜምፊስ ቤል የተባለው ቢ-17 የያዘው ነው። የዚህ አይሮፕላን አዛዥ ሮበርት ሞርጋን የተባለው መኰንን ሲሆን፣ እርሱና ባልደረቦቹ በሜይ ወር 1943 ሃያ አምስተኛ ዘመቻቸውን ፈጽመው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በአይሮፕላኑ አፍንጫ ላይ የተሣለችው ሴት፣ ጆርጅ ፔቲ የተባለው ሠዓሊ ኤስኳየር ለሚባለው መጽሔት ከሠራው ሥዕል የተገለበጠች ነበረች፤ በአይሮፕላኑ በስተግራ ልብሷ ሰማያዊ፣ በስተቀኝ ቀይ ነው። የገለበጣት ቶኒ ስታርሰር በባሲንግቦርን ሰፈር የነበረ ወታደር ሲሆን፣ በዚያ ክፍል አይሮፕላኖች ላይ ከመቶ የሚበልጡ ሥዕሎችን ሠርቷል። የዚያ አይሮፕላን ባልደረቦችም ያንኑ ስምና ያችኑ ሴት በጃኬታቸው ጀርባ ለብሰው በፎቶግራፍ ታይተዋል። አይሮፕላኑ ዛሬ በኦሃዮ በዴይተን ከተማ በአየር ኃይሉ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የስታርሰር ሥዕል ራሱ ቅጂ ነው። ፔቲ ለመጽሔት ሣለ፤ ስታርሰር ከመጽሔት ወደ ብረት ገለበጠ፤ ከብረቱም ወደ ቆዳ ተገለበጠ። ስለዚህ እኛ ዛሬ ስንገለብጥ ያልነበረ ልማድ አናመጣም፤ ይህ ጥበብ ከልደቱ ጀምሮ በመገልበጥ የኖረ ነው።

የሠዓሊዎቹ መሣሪያ ያገኙት ሁሉ ነበር። የዘይት ቀለም የያዘ በዘይት ቀለም፣ ያልያዘም ለአይሮፕላን በተሰጠው ቀለም ይሥል ነበር። አብዛኞቹ ሥዕል በትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ቀን ሞተር ሲጠግኑ ውለው ማታ በድንኳን ውስጥ ለጓደኛ የሚሥሉ ነበሩ። በዚህም ምክንያት በብዙዎቹ ጃኬቶች ላይ ፊደሉ ዘንበል፣ የሴቲቱ እጅ ረዘም ብሎ ይገኛል። ቅጂ ሠሪ ሁሉ ከዚህ ጋር መታገል አለበት፤ ስሕተቱን ሊያርም እጁ ይነሣሣልና። ማረም ግን ያንን የድንኳን ሠዓሊ ማጥፋት ነው።

ስለ ራቁት ሥዕሎቹም ሳልናገር ባልፍ ከእናቶቼ ፊት መሸሽ ይሆንብኛል። እነዚህ ሥዕሎች የተሠሩት ከቤታቸው ርቀው ነገ እንደሚሞቱ በሚያስቡ ወጣቶች መካከል ነው፤ ይህን ማወቅ ሁሉን ንጹሕ አያደርገውም፣ ሰዎቹን ግን ሰው ያደርጋቸዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ጃኬት ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልሄድም፤ ለሥዕሏም ቀሚስ አልቀጥልላትም። በቤት ውስጥ እንዳለ አኖረዋለሁ።

ሥዕል በሰው ላይ መከራ ያመጣበትም ጊዜ ነበር። በኖቬምበር 1943 ወደ ብሬመን በተደረገው ዘመቻ አንድ አሜሪካዊ ቦምብ ወርዋሪ አይሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ ወረደ። በጃኬቱ ጀርባ ላይ የተጻፈው የአይሮፕላኑ ስም «የግድያ ኩባንያ» የሚል ነበር፤ ይህ በዚያን ዘመን በኒው ዮርክ የታወቀ የወንበዴዎች ማኅበር መጠሪያ ሲሆን፣ ወጣቶቹ እንደ ፉከራ ወስደውት ነበር። ጀርመኖች ጀርባውን ፎቶግራፍ አንሥተው በየጋዜጣው አወጡት፤ የአሜሪካ አብራሪዎች ነፍሰ ገዳዮች መሆናቸውን ራሳቸው መስክረዋል እያሉም ለሕዝባቸው ሰበኩበት። በእንግሊዝ ሜዳ ላይ በጓደኞች መካከል ፉከራ የነበረው ቃል፣ በብሬመን ምድር ቤቱ በቦምብ በፈረሰበት ሰው ፊት ሌላ ቃል ሆነ። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ በጀርባ ላይ የተጻፈ ነገር ለባሹ በማያየው ስፍራ እንዳለና የሚያነበውም ሌላ ሰው እንደ ሆነ እንድታስቡልኝ ነው፤ ስለ ቅጂው ስንነጋገር ይጠቅመናልና።

በተቃራኒው ሕይወት ለማዳን የተሰፋም ነበር። በ1941 በጄኔራል ሼኖልት ሥር ለቻይና የዘመቱት «በራሪ ነብሮች» የተባሉት ፈቃደኞች፣ የቻይና ሰንደቅ ዓላማና የቻይንኛ ጽሕፈት ያለበት ጨርቅ በጀርባቸው ያደርጉ ነበር፤ ጽሕፈቱም ይህ ባዕድ ሰው ቻይናን ሊረዳ የመጣ ስለ ሆነ ወታደርም ሕዝብም እንዲያድነው የሚለምን ነው። አይሮፕላኑ የወደቀበት ሰው የማያውቀው ገበሬ ቢያገኘው፣ አንደበቱ ሊናገር የማይችለውን ጀርባው ይናገርለታል። ከዚያ በኋላ በዚያው የጦር ግንባር የነበሩ ብዙዎች ጠላት እንዳያየው በገበሩ ውስጥ ሰፉት።

እኛን ኢትዮጵያውያንንም የሚነካ አንድ መስመር አለ። በአላባማ በተስኪጊ የሠለጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የአይሮፕላናቸውን ጭራ በቀይ ቀለም ቀብተው ከኢጣልያ ምድር እየተነሡ ሲዋጉ፣ የስኳድሮናቸውን አርማ በዚሁ ኤ-2 ደረት ላይ ያደርጉ ነበር። በዚህ ከተማ በጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ ከጣራው ተንጠልጥሎ የምታዩት ቢጫና ሰማያዊ አይሮፕላን ከተስኪጊ ማሠልጠኛዎች አንዱ ነው። ከእነርሱ አስቀድሞ በዚያው በተስኪጊ ተቋም የተማረው ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ጥቂት የነበሩትን የኢትዮጵያን አይሮፕላኖች መርቶ፣ ከድል በኋላም በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተምሮ፣ በ1954 በአይሮፕላን አደጋ በአገራችን ሞቷል። የተስኪጊ አርማ ያለበትን ቅጂ በምሰቅልበት ግድግዳ ላይ የእርሱን ፎቶግራፍ ከጎኑ ማድረግ ግዴታዬ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ቅጂው እንግባ።

የጥንቱ ጃኬት ለምን አነሰ? ከጦርነቱ የተመለሰው ሰው እንጨት ሲፈልጥበት፣ መኪና ሲጠግንበት፣ ልጁም ለብሶት ሲወድቅ ሲነሣበት አለቀ። የቀረውንም የቆዳው ሕመም ይጨርሰዋል፤ ዘይቱ የተለየው ቆዳ እየደረቀ፣ የስፌቱ ቀዳዳ እየተቀደደ ይሄዳል። ደኅና ሆኖ የቆየው ደግሞ የዚያ ዘመን ወጣቶች ቀጫጮች ስለ ነበሩ በዛሬ ሰው ትከሻ ላይ አይገባም፤ ሊገባም አይገባውም፤ አንድ ጊዜ እጅ ማጠፍ ሰማንያ ዓመት የኖረውን ቀለም ያረግፈዋል። እንግዲህ የጥንቱ የሚገባው ለቤተ መዘክር ነው፤ የሚለበሰው ቅጂው ነው።

ቅጂ በመሥራት ዛሬ የከበሩት ጃፓኖችና ብሪታንያውያን ናቸው። በጃፓን ሪል ማኮይስና በዝ ሪክሰንስ፣ በእንግሊዝ በዴቨን ኢስትማን፣ በስኮትላንድ በጋላሺልስ የጥንቱን የቢከን ፋብሪካ ስም የወሰደው ኤሮ ሌዘር ይሠራሉ። የፈረስ ቆዳውም በጃፓን በሂሜጂ ከተማ እንደ ድሮው በእንጨት ልጥ ጭማቂ የሚለፋ አለ። እነዚህ ሰዎች የጥንቱን ጃኬት ስፌት በኢንች ስንት ጊዜ እንደ ተወጋ ቈጥረው፣ የክሩን ቀለም መርምረው፣ የዚፑን ቅርጽ እንደ ገና አስቀርጸው ይሠራሉ፤ ዋጋውም ከ1,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ጃኬቱ የተሰፋለት አገር ጠላቶች የነበሩት የጃፓኖች ልጆች ዛሬ ከማንም በበለጠ ጥንቃቄ የሚሰፉት መሆናቸው እኔን ዘወትር ያስገርመኛል።

ቅጂን የሚንቁ ሰዎች አባቶቻችንን እንዲያስቡ እጠይቃለሁ። በየገዳሙ ያሉ ጸሐፍት ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ከጥንቱ መጽሐፍ ቃል በቃል ሲገለብጡ ማን ሐሰተኛ አላቸው? መጽሐፉ የኖረው በእነርሱ ድካም ነው። ነገር ግን ጸሐፊው በፍጻሜው ላይ ስሙን፣ ያስጻፈውንም ሰው ስም፣ ዘመኑንም አስፍሮ ጸልዩልኝ ይላል እንጂ እኔ ደራሲው ነኝ አይልም። የምሰበስበውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው፤ ቅጂው ቅጂ መሆኑን ራሱ መናገር አለበት።

ሥዕሉን በጃኬት ላይ የማሠራው እንዲህ ነው። አስቀድሞ የጥንቱ ፎቶግራፍ ይገኛል፤ ፎቶግራፉም ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ቀለሙን ከክፍሉ አርማ፣ ከሌሎች ባልደረቦች ጃኬት፣ ከመጽሔቱም ሥዕል ማጣራት ያስፈልጋል። ከዚያ ሠዓሊው ፋብሪካው በቆዳው ላይ የቀባውን ማለስለሻ በአልኮል ይጠርጋል፤ ይህ ካልሆነ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ቡናማው ቆዳ ቀለምን ስለሚውጥ ከሥር ነጭ ይቀባል፤ በላዩም ስስ ቀለም በስስ ላይ እየደረበ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየታገሠ ይሥላል። ዛሬ ለቆዳ የተሠራ ከቆዳው ጋር የሚታጠፍ ቀለም አለ፤ የጥንቱ የዘይት ቀለም ግን የራሱ ብርሃን አለውና፣ መሰንጠቁን ዐውቄ ለአንዳንዱ ጃኬት እርሱን እመርጣለሁ።

በሰብሳቢዎች መካከል የጦፈው ክርክር ይህ ነው፤ አዲሱን ሥዕል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ አጣጥፎ፣ ሰነጣጥቆ አሮጌ ማስመሰል ይገባል ወይስ አይገባም? ብዙ ሰዎች ያረጀውን ይወዳሉ፤ ፋብሪካዎችም አርጅቶ የተሠራ ጃኬት ይሸጣሉ። እኔ በሙሉ ልቤ እቃወማለሁ። ያ ወጣት በ1943 አሮጌ ዕቃ አልለበሰም። ጃኬቱ ሲራመድበት ይንቋቋ ነበር፤ ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩም ቀይ ነበር፤ የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር። ጦርነቱን ስናስብ ሁልጊዜ የደበዘዘ ፎቶግራፍና ሽማግሌ አርበኛ ስለሚታየን፣ የተዋጉት ልጆች እንደ ነበሩ እንረሳለን። አዲስ ሆኖ የተሣለ ቅጂ ይህን ያስታውሰናል፤ በእጅ የተሰነጠቀው ግን ይህን አንድ ጥቅሙን አጥቶ ያልኖረበትን ዕድሜ ይናገራል። ቅጂው ያርጅ፣ ነገር ግን በእኛው ትከሻ ላይ፣ በራሱ ጊዜ ያርጅ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። በጃኬቱ ላይ ያለው ሃያ አምስት ቦምብ የአንድ ሰው ገድል ነው። እኔ ለብሼው በገበያ ስሄድ የማን ገድል ለበስሁ? ብሬመን ላይ የወረደውን ሰው አስቡ፤ በጀርባ ያለውን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው የእኔን አሳብ አያውቅም። አባቱ በዚያ ጦርነት የሞተበት ሽማግሌ ከኋላዬ ቆሞ ይሆናል። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። በሕይወት የነበረ የአንድን ሰው የዘመቻ ቁጥርና ስም የያዘ ቅጂ በአደባባይ አልለብስም፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ለሚጠይቅም ሰው ታሪኩ ይነገራል። ለመልበስ የክፍሉ አርማ ብቻ ያለበት ይበቃኛል። የጀርመን አይሮፕላን መጣሉን ለማስታወቅ የናዚን መስቀል የያዘውን ደግሞ ከቤት አላወጣም፤ ያ ምልክት በጃኬቱ ላይ የድል ቍጥር ነበር፣ መንገድ ላይ ለሚያየው ሰው ግን ቁስል ነው። ብዙ ወዳጆቼ በዚህ ሕግ አይስማሙም፤ ልብስ ለመልበስ ተሠራ ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ አሳቤን ግን አልለውጥም።

ሁለተኛው ሕጌ በውስጥ ኪሱ ላይ፣ በገበሩ ጨርቅ፣ በማይለቅ ቀለም መጻፍ ነው፤ ቆዳውን የሰፋው ፋብሪካ፣ የሣለው ሰው፣ የተሣለበት ዓመት፣ የተገለበጠበትም የጥንቱ ጃኬት የት እንዳለ። ይህን የማደርገው ዛሬ እኔን ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ሳይሆን፣ ከሞትሁ በኋላ ጃኬቱ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ ስለማላውቅ ነው። ቅጂ ገዝተው፣ የአንገቱን መለያ አውጥተው፣ በሻይና በፀሐይ አጠውልገው፣ በጥንቱ ዋጋ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ገዢውን ከማታለሉ ይልቅ በሙታን ስም የሐሰት ምስክር መቆሙ ይከፋል፤ ያልነበረ አብራሪ ፈጥሮ ያልተደረገ ዘመቻ ይጽፍለታልና።

ለመጀመር ያሰበ ወጣት በዚህ አዳራሽ ካለ፣ በተሣለው አትጀምር እለዋለሁ። አስቀድመህ ያልተሣለ ደኅና ኤ-2 ግዛ፤ ከትከሻህ እንጂ ከሆድህ ልክ አትለካ፤ ወገቡ ከቀበቶህ በታች ብዙ አይውረድ፣ አጭር ሆኖ የተሠራ ነውና። ዓመት ያህል ልበሰው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የምትወደውን አንድ የጦር ክፍል ታሪክ አንብብ። ሠዓሊ ስትፈልግ ደግሞ በቆዳ ላይ የሠራውን፣ ከሠራውም ቢያንስ ክረምት ያለፈበትን ሥራ አሳየኝ በለው፤ አዲስ ሥዕል ሁሉ ያምራል፣ ክርኑን አጥፎ ወገቡን ጎንብሶ የተለበሰው ግን የሠዓሊውን እጅ ይገልጣል። ስለ ፊደሉ ቅርጽ፣ ስለ አንዲት ቦምብ ስፍራ የሚከራከርህን ሠዓሊ ያዘው፤ ሁሉን እሺ የሚልህን ተወው።

በአዳራሹ በስተግራ በተዘረጉት ጠረጴዛዎች ላይ ጃኬቶቹን አኑሬአለሁ። ልጆችም ቢሆኑ በእጃቸው ይንኳቸው፤ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የፈረሱን ቆዳ ከፍየሉ፣ የዘይቱን ቀለም ከአዲሱ ቀለም አነጻጽሩ፤ ገበሩንም ገልብጣችሁ የተጻፈውን አንብቡ። ስለ አለባበሱ ያወጣሁትን ሕግ የሚቃወም ካለ ከሁሉ አስቀድሞ የእርሱን ጥያቄ መስማት እፈልጋለሁ።